ሊብሬዋ ላይ የሰፈሩ ስሞች

አባባ መኪናውን የሸጠ ቀን የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ነጭ ፊያት 600 ነበረች። በሰፈራችን ስሟ ሴቼንቶ ነው። ገዢው ብሩን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አባባ ደግሞ ከኮመዲኖው መሳቢያ ሊብሬዋን አወጣ። ጠርዟ የተበላ፣ መሃሏ በፕላስተር የተያያዘ ደብተር ናት። ሊሰጠው እጁን ከዘረጋ በኋላ መለሰውና "አንዴ ጠብቀኝ" ብሎ ወጣ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ተመለሰ። ሰውዬው ግራ ገባው። እማዬም "መኪናዋ ከሄደች ወረቀቱ ምን ያደርግልሃል?" አለችው። አባባ ኮፒውን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና "ስሜ አለበት" አለ። ሌላ አልተናገረም።

ያ ኮፒ አሁን እኔ ጋ ነው። አራት ስሞች አሉበት። የመጀመሪያው የጣልያን ስም ነው፤ ቀለሙ ስለደበዘዘ ግማሹ አይነበብም። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ናቸው። ሦስተኛው አንድ አቶ። አራተኛው አባባ። ልጅ ሆኜ ከሁሉም ወይዘሮዋ ነበሩ የሚገርሙኝ። በዚያ ዘመን መኪና በስማቸው ያወጡ ሴት ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ራሳቸው ነበር የሚነዱት? ከኋላ ወንበር ማን ነበር የሚቀመጠው? መልስ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም። እኔም በየማታው አዲስ ታሪክ እፈጥርላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ መኪና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የፈረስ ጉልበቷን ሳይሆን የማን እንደነበረች ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ፌራሪ ነው። የሻንሲ ቁጥሯ 2935። ለወራት ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለችው እሷ ናት። ስለ እሷ የምጠቅሰው ቀንና ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሙሉ ስሟ ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ይባላል። ጂቲ ግራን ቱሪዝሞ ማለት ነው። ረጅም መንገድ በፍጥነትም በምቾትም ለመሄድ የተሠራ መኪና። ጠዋት ከፓሪስ ተነስቶ እራትን ሜዲትራኒያን ዳር መብላት ለሚፈልግ ሰው የታሰበ። 250 የሚለው የአንዱን ሲሊንደር መጠን ይናገራል፤ ወደ 250 ሲሲ። ሲሊንደሮቹ 12 ስለሆኑ ድምሩ ሦስት ሊትር ይጠጋል። ሞተሩ ጆአኪኖ ኮሎምቦ ከነደፈው የወጣ ነው። በ1947 ሲጀመር 1.5 ሊትር ብቻ ነበር፤ እያደር እያደገ እዚህ ደረሰ። የቦዲው ቅርጽ የጣልያኑ የንድፍ ቤት የፒኒንፋሪና ነው። ላሜራውን ቀጥቅጠው ቅርጽ ያስያዙት ደግሞ ሞዴና ያለው የስካሊዬቲ ወርክሾፕ ሰዎች ናቸው። ካሊፎርኒያ የሚለው ስም የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ፌራሪ ይሸጡ የነበሩት ጆን ፎን ኖይማን እና ሉዊጂ ኪኔቲ ጣራዋ የሚከፈት፣ ለፀሐይ አገር የምትሆን መኪና ይሠራልን ብለው ወተወቱ።

ከ1957 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1963 ድረስ የተሠሩት መቶ እና ጥቂት ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.6 ሜትር ነበሩ። ከ1960 ወዲህ ያሉት ወደ 2.4 ሜትር አጠሩ፤ መታጠፊያ ላይም ቀልጣፋ ሆኑ። ከአጭሮቹ ውስጥ የፊት መብራታቸው በግልጽ ሽፋን የተከደነው 37 ብቻ ናቸው። 2935 ከእነዚህ አንዷ ናት። ቁጥሯም ጎዶሎ መሆኑን ልብ በሉ። ፌራሪ በዚያ ዘመን በአብዛኛው ለመንገድ መኪኖቹ ጎዶሎ፣ ለውድድር መኪኖቹ ሙሉ ቁጥር ነበር የሚሰጠው። ቁጥሯ ራሱ ለምን ሥራ እንደተወለደች ይጠቁማችኋል።

በ1961 የፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች። የገዛት ዠራር ብላን የሚባል ፈረንሳዊ ተዋናይ ነው። ያኔ ገና 30 ዓመት ገደማ ነበር። ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ) ሄዶ ከጆን ዌይን ጋር ፊልም ሠርቶ የተመለሰበት ሰሞን ነው። ስሙ ዛሬ ከፈረንሳይ ውጭ ብዙም አይነሳም። የእሷ ሊብሬ ላይ ግን የመጀመሪያው መስመር የእሱ ነው።

በ1963 ለፈረንሳዊው የፊልም ኮከብ ለአላን ዴሎን ሸጠለት። ዴሎንን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የአባባ ዘመን ሰዎች ስለ መልከ መልካም ወንድ ሲያወሩ እሱን ነበር ምሳሌ የሚያደርጉት። ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ መጡ። በአንዱ ተዋናይቷ ጄን ፎንዳ አብራው ተቀምጣለች። በሌላው ሸርሊ ማክሌን። ጣራዋ ተከፍቷል፣ የደቡብ ፈረንሳይ ፀሐይ አናታቸው ላይ ነው። ዴሎን መሪውን የያዘው ዘና ብሎ ነው፤ መኪናዋን ሳይሆን ካሜራውን ነው የሚያየው። መኪናዋን እሱ ጋ ያቆያት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1965 ሸጣት። ወጣት ነው፣ ዝነኛ ነው፣ ሌላ መኪና አማረው። ሁለት ዓመት! ዛሬ ግን ዓለም የሚያውቃት የዴሎን ፌራሪ እያለ ነው።

ከዴሎን በኋላ በያዟት ሰዎች እጅ ላይ ሳለች ማንም ፎቶ አንሺ አልተከተላትም። ያኔ ያገለገለች መኪና ነበረች፤ ሌላ ምንም አይደለችም። ዕድሜዋ ገፋ፣ ፋሽኗ አለፈ። አሥር ዓመት የሞላት ባለ 12 ሲሊንደር መኪና ማለት ቤንዚን የምትጠጣ፣ ካርቡሬተሯን ማስተካከል የሚችል ሰው የማይገኝላት፣ አንድ ቀን ጋራዥ ከገባች ሳምንት የማትወጣ ማለት ነው። ሴቼንቶም ቢሆን ይዞ ጋራዥ የተመላለሰ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ሊብሬ የሚለው ቃል ራሱ ሊብሬቶ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ጋር ዘመድ ነው። ቦሎም እንደዚሁ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከዚያው ነው የመጡት። አባባ መኪናዋን የሚያሠራባቸው መካኒክ ጋሼ እንላቸው ነበር። ጣልያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አይችሉም። ኮፈኑን ከፍተው "ካንዴላው ቆሽሿል፣ ፍሪሲዮኑም አልቋል" ሲሉ ግን ሞዴና ያለ መካኒክ ቢሰማቸው በሽታውን ይረዳ ነበር። ሁለቱም መኪኖች የአንድ አገር፣ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ዳንቴ ጃኮሳ የነደፈው ፊያት 600 በ1955 ሲወጣ ሞተሩ 633 ሲሲ ነበር። የፌራሪዋ ሲሊንደሮች ሦስቱ ብቻ ከዚያ ይበልጣሉ። ደግሞም በ1969 የፌራሪን ግማሽ የገዛው ያው ሴቼንቶን የሠራው ፊያት ነው።

ወደ 2935 ልመለስ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮዤ ባዮን የሚባል ሰው ቤት ገባች። የዚህች መኪና ታሪክ ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ባዮን ተዋናይ አይደለም። ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ደ ሴቭር በሚባለው አውራጃ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የነበረው ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በገዛ እጁ አንዲት ክፍት መኪና ሠርቶ ሰማያዊ ወፍ ብሎ ሰየማት። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት ትልልቅ የቅንጦት መኪኖች ዋጋ አጥተው ነበር። ዴላሃይ፣ ታልቦ ላጎ፣ ሂስፓኖ ስዊዛ፣ ቡጋቲ። በእጅ የተሠራ ቦዲ ያላቸው መኪኖች ለብረታ ብረት ይሄዱ ነበር። ባዮን እነሱን መግዛት ጀመረ። አንዱን ከቁራሌው እጅ፣ ሌላውን ከባለቤቱ። ሐሳቡ ሁሉንም አድሶ ሙዚየም መክፈት ነበር። ከገዛቸው ውስጥ አንዷ ታልቦ ላጎ የግብጹ ንጉሥ ፋሩቅ የነበረች ናት። አስቡት፣ የንጉሥ መኪና ከቆርቆሮ ዳስ ሥር።

ሙዚየሙ አልተከፈተም። በ1970ዎቹ ድርጅቱ ከሰረ። 50 ያህል መኪኖች ተሸጡ። የቀሩትን ባዮን አልነካቸውም። አላደሳቸውም፣ አልሸጣቸውም። ግቢው ውስጥ ግድግዳ በሌለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተደርድረው ቀሩ። ዝናቡ ከጎን ይገባል። ሐረጉ በመስኮት ገብቶ በሌላ መስኮት ይወጣል። አንዳንዱ መኪና ወለሉ በስብሶ መሬት ነክቷል። እሱም አረጀና ሞተ፤ ከእሱ በኋላ ልጁ ጠበቃቸው። ልጁም ሲሞት ወራሾቹ አርትኩሪያል ለሚባለው የፓሪስ አጫራች ድርጅት ደወሉ።

በ2014 ማትዬ ላሙር እና ፒየር ኖቪኮፍ የተባሉት የድርጅቱ ባለሙያዎች ግቢው ደረሱ። የመኪኖቹ ቁጥር 60 ሆነ። በዳሱ ሥር ያሉትን ሁሉ ካዩ በኋላ ወደ አንድ ዝግ ጋራዥ ገቡ። ከሁሉም የሚበልጡት ሁለቱ እዚያ ነበሩ። አንዷ ቦዲዋን ጣልያናዊው ፍሩዋ የሠራላት ማሴራቲ። ከጎኗ ደግሞ 2935።

የዚያን ቀን ፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እስቲ አብረን እንየው። አቧራው እንደ ጤፍ ዱቄት ነው፤ ስስ፣ ግራጫ፣ ምንም ያልነካው። የመብራቶቹ ሽፋን ደብዝዟል። ከኋላዋ ላይ ደግሞ ወረቀት ተከምሯል። የድሮ የመኪና መጽሔቶች ናቸው፤ እስር እስሩ ተደራርቦ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ። አንድ ሰው አንብቦ ሲጨርስ "እስቲ እዚህ ይቀመጥ" ብሎ ያኖራቸው ይመስላል። ቤታችን ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ቁም ሣጥን አናት ላይ እንደምንጥለው። ሰውዬው ስለ መኪና ያነባል፣ ያነበበውንም መኪናዋ ላይ ያስቀምጣል።

ብዙ ሰው ይሄን ፎቶ ሲያይ ይናደዳል። "ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? እንዲህ ያለ ዕቃ ይበሰብሳል?" ይላል። ንዴቱ ይገባኛል። እኔም ዳሱ ሥር ያሉትን ሳይ ሆዴ ይባባል። አንዱን ሸጦ ለሌላው ጣራ ማሠራት ይችል ነበር። ሙዚየም ቢቀርበት አንዷን እንኳ አስነስቶ እሑድ እሑድ መንዳት ይችል ነበር። ግን ደግሞ ሌላውን ጎን አስቡ። ማንም በማይፈልጋቸው ጊዜ የሰበሰባቸው እሱ ነው። እሱ ባይገዛቸው ብዙዎቹ ቀልጠው አልቀው ነበር። 2935ን ዴሎን ሁለት ዓመት ያዛት። የባዮን ቤት ከ40 ዓመት በላይ። ዴሎን ሸጧት ሄደ። ባዮን ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ድርጅቱ ተዘግቶ፣ ሌሎቹን መኪኖች እያየ ሲወስዱበት፣ እሷን ግን አልለቀቀም። ከባለቤቶቿ ሁሉ ምን ያህል እንደሚወዳት የታየው በእሱ ነው ብል ስህተት አይመስለኝም። ፍቅሩ ግን መኪናዋን አልጠቀማትም። ይሄን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ይከብደኛል። ለወራት ያመላለሰኝም እሱ ነው።

ጨረታው የካቲት 6 ቀን 2015 ፓሪስ፣ ሬትሮሞቢል በሚባለው ዓመታዊ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ ተካሄደ። አዘጋጆቹ መኪኖቹን አላጠቧቸውም። ከነአቧራቸው፣ ከነዝገታቸው መድረክ ላይ አቆሟቸው። ያ ትክክል ይመስለኛል። ቢያጥቧቸው ኖሮ የባዮንን ዘመን አብረው ያጥቡት ነበር። ለ2935 የተገመተላት ከ9.5 እስከ 12 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ጨረታው ሲያልቅ ኮሚሽኑን ጨምሮ 16,288,000 ዩሮ ወጣባት። የባዮን 59 መኪኖች በድምሩ ወደ 25 ሚሊዮን ነው የተሸጡት። ከግማሽ በላዩን ያመጣችው እሷ ብቻዋን ናት።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለምኑ ነው? ለብረቱ አይደለም። ብረቱን ዛሬም መሥራት ይቻላል። እንዲያውም ብዙ ሰው ሠርቶታል። ፌራሪ በዚያው ዘመን ባለ አራት መቀመጫ 250 ጂቲኢ የሚባል ሞዴል ነበረው፤ ወደ 950 ያህል ተሠርቷል። ዋጋው ርካሽ በነበረ ጊዜ ብዙዎቹ ተቆርጠው የካሊፎርኒያ ቅጂ ተሠርቶባቸዋል። ሞተሩ እውነተኛ የፌራሪ ሞተር ነው። ድምፁም ያው ነው። ጎን ለጎን ቢያቆሙላችሁ እናንተም እኔም አንለይም። የሚለያቸው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ከቁጥሩ ጋር የሚሄደው ወረቀት ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሻንሲው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ፋብሪካው ከመዘገበው ጋር መግጠም አለበት። ማራኔሎ ባለው የፌራሪ ፋብሪካ ውስጥ ይሄን ብቻ የሚያጣራ ክላሲኬ የሚባል ክፍል አለ። መዝገቡን አውጥቶ ከመኪናዋ ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ ማረጋገጫ ይሰጣል። ከዚያ ደግሞ ማን ገዛ፣ ማን ሸጠ፣ መቼ፣ የሚለው ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ዋጋው ይወርዳል። አንድ ዝነኛ ስም ከገባበት ይሰቀላል።

ለምሳሌ የአሜሪካዊው ተዋናይ ጄምስ ኮበርን የነበረችው ሌላዋ ካሊፎርኒያ በ2008 እዚያው ማራኔሎ ላይ ወደ 7 ሚሊዮን ዩሮ ወጥታ ነበር። የገዛት እንግሊዛዊው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰው ክሪስ ኢቫንስ ነው። ያኔ ሰው "አበዱ እንዴ?" ብሎ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ የዴሎኗ፣ ያውም ከነአቧራዋ፣ ከእጥፍ በላይ ወጣች።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጨረታው ላይ ስሟ ሲጠራ የተነሳው የዴሎን ስም ነው። በየዜናው የወጣው ከጄን ፎንዳ ጋር ያለው ፎቶ ነው። የዠራር ብላን ስም የተነሳው በጨረፍታ ነው። ከ1965 በኋላ የያዟት፣ ጎማዋን የቀየሩ፣ ዘይቷን ያፈሰሱ ሰዎች ደግሞ ያለፎቶ አለፉ። ከእነሱ መካከል አንዱ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ባህር ዳርቻ ወስዶ ይሆናል። አንዷ ፍቅረኛዋ ቤት በር ላይ አቁማት ጠብቃው ይሆናል። ያ ሁሉ መኪናዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ዋጋ ግን አልወጣለትም። 16 ሚሊዮን የከፈለው ሰው ስም እንኳ በጨረታው ቀን አልተነገረም።

ዴሎን በነሐሴ 2024 አረፈ፤ 88 ዓመቱ ነበር። ዜናውን ስሰማ ፊልሞቹ አልነበሩም የታወሱኝ። ያ ፎቶ ነው። ካሜራውን የሚያየው ወጣት፣ መሪው ላይ የተጣለው እጅ። ከዚያ ወዲያው ሌላኛው ፎቶ መጣብኝ፤ የመጽሔት ክምሩ። ሁለቱ ፎቶዎች መሃል 50 ዓመት አለ። መኪናዋ ግን ያችው ናት።

የአባባን ሴቼንቶ መጨረሻ አላውቅም። ምናልባት ሶማሌ ተራ ገብታ ተበትናለች። በሯ በአንዱ ሴቼንቶ ላይ፣ ኮፈኗ በሌላው ላይ ይሆናል። ቁጥሯን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ኮፒውንም በስልኬ አንስቼ ይዤው እዞራለሁ። ነጭ ሴቼንቶ ቆማ ካየሁ ሳላጣራ አላልፍም።

ባለፈው ዓመት ፒያሳ አንዷን አገኘኋት። ባለቤቷ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው፤ ጨርቅ ይዘው መስታወቷን ያብሳሉ። ሰላም ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። ይሳለቁብኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን "ና እስቲ እንያት" ብለው ሊብሬያቸውን ከመኪናዋ መሳቢያ አወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ለየብቻው እያነበቡ ይነግሩኝ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ እንዳልሆነች ገባኝ። አመስግኜ ልሄድ ስል "ቆይ፣ ያንተን አሳየኝ" አሉኝ። ስልኬን ሰጠኋቸው። ፎቶውን በጣታቸው አሰፍተው የጣልያኑን ስም ለማንበብ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ዝቅ አሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ወይዘሮ ናቸው እኮ" አሉኝ። "ራሳቸው ነበር የሚነዷት?"